ልብ ወለዱ አስለቀሰኝ፣ ለቅሶው ግን አልቆም አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ጎንደር ከተማ ባንክ ውስጥ በገንዘብ ከፋይነት እሠራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አዋሰችኝ። በልጅነቱ ከባድ ግፍ ስለተፈጸመበት ሰውና እሱን ለማትረፍ ስለሚታገሉ ጓደኞቹ ነው። ሰውዬው ራሱን ይጎዳል። ሌሊት እስከ 8 ሰዓት አልጋዬ ላይ እያነበብኩ አለቀስኩ። 80 ገጽ ያህል ሲቀረኝ አቆምኩት፤ ግን እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ምግብ አልበላ ብሎኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ባለቤቴ «መጽሐፍ እኮ ነው!» ይለኛል። የእንቅልፍ ኪኒን ልግዛ? መጽሐፉንስ ልጨርሰው ወይስ ልተወው? ምናልባት ከጠቀመዎት፣ አምና የልጅነት ጓደኛዬ በመኪና አደጋ ሞታለች። በስልክ ነገሩኝና ስልኩን ዘግቼ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ፤ ወረፋው ረጅም ነበር። ቀብሯ ደባርቅ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ አልሄድኩም።
ት. ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሐሳቤ መጽሐፉ ላይ ነበር። በሁለተኛው ግን «ምናልባት ከጠቀመዎት» ብለው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጉት ነገር ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ።

ባለቤትዎ ሊያጽናኑዎት ብለው ነው፤ አይቀየሟቸው። ሆኖም ሰውነታችን «ይሄ እውነት ነው፣ ያ ልብ ወለድ ነው» ብሎ ለይቶ አይደነግጥም። ታሪክ ውስጥ ስንሰምጥ አደጋን የሚጠብቀው የአንጎላችን ክፍል፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ ይነቃል። አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ይረጫሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጨጓራ ይቋጠራል። ይህ ሌሊት ሌሊት አልጋ ላይ ሲደጋገም አንጎል አልጋውን ራሱን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ይመዘግበዋል። መጽሐፉን ካስቀመጡ በኋላም እንቅልፍ የራቀዎት አንድም በዚህ ነው።

በልብ ወለድ ማልቀስ በራሱ በሽታ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ስንቱ ቤት እንደተለቀሰ ታላላቆችዎን ይጠይቁ። እነሱ ግን አብረው ሰምተው፣ አብረው አልቅሰው፣ ሲያልቅ ቡና እየጠጡ ያወሩት ነበር። እርስዎ ብቻዎን ነዎት፤ ያውም በጨለማ።

መጽሐፍ ብቻውን በሕክምና «ድኅረ አደጋ ጭንቀት» የምንለውን ሕመም አያመጣም። ለዚያ ሕመም አደጋው በራስ ላይ መድረስ ወይም በዓይን መታየት አለበት፤ የቅርብ ወዳጅ በድንገተኛ አደጋ መሞቱን መስማትም ይቆጠራል። ይህ የመጨረሻው በእርስዎ ላይ ደርሷል። ሕመሙ አለብዎት እያልኩ አይደለም፤ ያንን የሚለየው ፊት ለፊት የሚያይዎት ባለሙያ ነው። እኔ የማየው የጓደኛዎን እርም እንዳላወጡ ነው። አላለቀሱም፣ ለቅሶ አልደረሱም፣ አፈር ስትለብስ አላዩም። ከዚያ አንድ ደራሲ መጥቶ ጓደኞቹ ሊያተርፉት ያልቻሉትን ሰው አሳየዎት። እንባው ከአምና ጀምሮ ሲጠብቅ የነበረ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ አንድ አባት «ደረቴ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል» ብለው መጡ። የልብ ምርመራውም የሳንባ ራጁም ደህና ነበር። ዝም ብለን ትንሽ ከተቀመጥን በኋላ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ ልጃቸውን ቀብረው በማግስቱ እርሻ መውረዳቸውን ነገሩኝ። አዝመራው አይጠብቅማ። እርስዎንም ወረፋው አልጠበቀዎትም።

ስለዚህ ኪኒኑን ይተዉት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ዲያዜፓም ለጥቂት ቀን ያስተኛል፤ ሲለመድ ግን ያለ እሱ መተኛት ይከብዳል፤ ሐዘኑም እዚያው ይቆያል። ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅርብዎ፤ ውስጡ ያለው ካፌን ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አልጋ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተኝተው እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥተው ሌላ ቦታ ይቀመጡ፣ ሲያንጎላጅዎት ይመለሱ። ልብዎ ሲመታ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ይሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ በቀስታ ያስወጡ፤ ለ5 ደቂቃ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ልብን ያስመታሉና ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደው ደምዎን ይመርመሩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅዎት። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው ራሱን እንደሚጎዳ ጽፈዋል። እርስዎስ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል? መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣም፤ ይልቅ ያቀለዋል። መልስዎ አዎ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው ዛሬውኑ ለባለቤትዎ ነግረው አብረው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ብቻዎን አይደሩ። ሐሳቡ ባይኖርም እንኳ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ማልቀሱና የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም አደጋው በሕልምዎ እየተመላለሰ ስሟን ከመስማት እስከ መሸሽ ካደረሰዎት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ የሚሄደው «ያበደ» ብቻ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጎድቶብናል። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ የታዘዘ መድኃኒት ብቻ አያቋርጡ።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ግን የጓደኛዎን እናት እንዲያገኙ ነው። ዓመት አልፎ ምን ብዬ እሄዳለሁ አይበሉ፤ በአገራችን ለቅሶ ዘግይቶ የደረሰን ሰው «ለምን መጣህ» የሚል የለም። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንገዱን ሰላም አጣርተው ይሂዱ፤ ካልተቻለ ይደውሉ፣ ሙት ዓመቷም ካላለፈ ቀኑን ይጠይቁ። እናቷ አጠገብ ተቀምጠው በልጅነታችሁ አብራችሁ ያደረጋችሁትን አንዱን ያንሡላቸው። ሲያለቅሱ አብረው ያልቅሱ።

80ው ገጽ ይቆይ። ሲበረታቱ፣ ከፈለጉ፣ ቀን ቀን ሳሎን ቁጭ ብለው 10 ገጽ 10 ገጽ ያንብቡት፤ ያዋሰችዎትም ባልደረባ አንብባው ከሆነ ምሳ ሰዓት ላይ አውሩበት። ካልፈለጉም ሳይጨርሱ ይመልሱላት።