አንድ ሰስፔንሽን፣ ሁለት ቁጥር

ጥያቄ፦ የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አንዱን የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ሰስፔንሽን (ሴሎቹ የተንሳፈፉበት ፈሳሽ) በ600 ናኖሜትር በሁለት ስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደከለከለ በሚያነብ መሣሪያ) ስለካው አንዱ 0.62፣ ሌላው 0.81 አነበበ። ብላንኩን (ባክቴሪያ የሌለበትን ፈሳሽ፣ ዜሮ ማስያዣውን) በሁለቱም አስተካክያለሁ። የትኛውን ልመን? ካንዲዳ የተባለውን እርሾስ በዚሁ መንገድ ብለካው ችግር አለው?

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ኢ. ኮላይ ቀለም ስለሌለው በ600 ናኖሜትር ብርሃን አይውጥም ማለት ይቻላል፤ ይበትናል እንጂ። የተበተነው ብርሃን አብዛኛው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከመስመሩ ጥቂት ዘንበል ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል። ታዲያ ብርሃን ተቀባዩ ለኩቬቱ (ናሙናው ለሚገባበት ትንሽ ዕቃ) ቀርቦ መስኮቱም ሰፊ ከሆነ ይህንንም ይሰበስባል፤ ቁጥሩ ያንሳል። ራቅ ብሎ መስኮቱ ከጠበበ ያመልጠዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በፕሌት ቆጠራ (በሳህን ላይ ያደጉ ኮሎኒዎችን በመቁጠር) ንባቡን ከሴል ብዛት ጋር የሚያገናኝ የራሱን ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። የአንድ ሙከራ ንባብ ግማሹን በዚህ፣ ግማሹን በዚያ መውሰድ ግን ጨርሶ አይሆንም።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ሌላ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ከፍ ያሉ ናቸው። በብዙ መሣሪያዎች ከ0.4 በላይ ሴሎቹ ስለሚበዙ አንዱ የበተነውን ሌላው መልሶ ወደ ተቀባዩ ሊልከው ይችላል፤ ንባቡም ከእውነተኛው ያንሳል። 1 ሚሊ ሊትር ወስደው በ9 ሚሊ ሊትር በዚያው ብሮዝ (ማሳደጊያ ፈሳሽ) ያቅጥኑና ንባቡን በ10 ያባዙ። ለምሳሌ ሳይቀጥን 1.8 ያሳየው ቀጥኖ 0.24 ቢያነብ ትክክሉ 2.4 ነው። የጣት አሻራና የአየር አረፋም ብርሃን ይበትናሉ፤ ኩቬቱን ሳይጠርጉ አያስገቡ።

ካንዲዳን መለካት ይቻላል፤ የባክቴሪያውን ሠንጠረዥ ግን አይዋሱ። ትልቅ ሴል አብዝቶ ስለሚበትን በ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት ማነጻጸሪያ ደረጃ) ድፍርስነት ኢ. ኮላይ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ካንዲዳ ከ1 እስከ 5 ሚሊዮን ብቻ ነው። የ0.5 ማክፋርላንድ ማነጻጸሪያውን ራስዎ ለመሥራት በ9.95 ሚሊ ሊትር 1% ሰልፈሪክ አሲድ ላይ 0.05 ሚሊ ሊትር 1.175% ባሪየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት እያማሰሉ ይጨምሩ። በ1 ሴንቲ ሜትር ኩቬት፣ በ625 ናኖሜትር ከ0.08 እስከ 0.13 ማንበብ አለበት። ነጩ ዝቃጭ ከታች ስለሚቀመጥ በተጠቀሙበት ቁጥር በቮርቴክስ (በማናወጫ መሣሪያ) ይምቱት፤ ተመትቶም ጓል ከታየበት ይድፉት።

ለአንቲባዮቲክ ሙከራ ከሆነ ደግሞ ትኩስ፣ የአንድ ሌሊት ኮሎኒ ይጠቀሙ። የሞተ ሴልም እንደ ሕያው ይበትናልና፣ በሰነበተ ኮሎኒ 0.5 ማክፋርላንድ ቢያገኙም ሕያው ባክቴሪያው ያነሰ ይሆናል።