ያላዩትን ቸል ማለት ይቻላል?

የግንባታ ውል የሚያረቅቁ አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «በመሐንዲስ ስሕተት ሕንፃ ቢደረመስ ጥፋቱን ‹ቸልተኝነት› ልበለው ወይስ ‹ግዴለሽነት›? ሁለቱ አንድ ናቸው ይሉኛል።»

አንድ አይደሉም። አንድ ናቸው ከሚሉት ጋር ብዙ ዓመት ተከራክሬያለሁ፤ ዛሬም አልለቅም።

«ቸልተኝነት» የወጣው «ቸል አለ» ከሚለው ጥምር ግሥ ነው፤ «ቸልታ»፣ ከዚያ «ቸልተኛ»፣ በመጨረሻም «-ነት» ተጨመረበት። ቸል የሚባለው የታየ ወይም የተሰማ ነገር ብቻ ነው። እናት የልጇን ልቅሶ እየሰማች ቸል ትላለች፤ ያልሰማችውን ልቅሶ ግን እንዴት ቸል ትላለች? «ግዴለሽ» ደግሞ «ግድ» እና «የለሽ» የተጣበቁበት ነው። («የለሽ» እዚህ ላይ እንደ «ወሰን የለሽ» ነው እንጂ አንዲት ሴት የምትጠራበት አይደለም።) ቸልታ የዓይንና የጆሮ ነው፤ ግዴለሽነት የልብ።

እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ፣ በሀያት ሪጀንሲ ሆቴል ሁለት ተንጠልጣይ መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱም የተንጠለጠሉት ከላይ እስከ ታች በሚዘልቁ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ነበር። ኋላ እያንዳንዱ ዘንግ ለሁለት ተከፈለና የታችኛው መተላለፊያ በላይኛው ላይ ተንጠለጠለ፤ የላይኛው ማያያዣ ጭነት እጥፍ ሆነ። ለውጡ የሚታይበት ሥዕል የመሐንዲስ ማኅተም አርፎበታል፤ ያን ጭነት ያሰላ ግን አልነበረም። ታዲያ ያልተሰላን ቁጥር ማን ቸል አለው? «መሐንዲስ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ የዐረብኛውም ሥር ከፋርሱ «አንዳዜ»፣ ማለትም ከ«ልክ» የተወሰደ ነው። መሐንዲስ ለኪ ማለት ነው። ለኪ ሳይለካ ሲቀር የጎደለው ጥንቃቄ ስለሆነ እኔ «የጥንቃቄ ጉድለት» እለዋለሁ። ካንሳስ ሲቲ ባለችበት በሚዙሪ ግዛት መሐንዲሶቹ የሙያ ፈቃዳቸውን ያጡት ግን ከተራ ስሕተት በከፋ ጥፋት ነው። ለዚያ፣ እንግሊዝኛው «gross negligence» ለሚለው፣ በየትርጉሙ ከሚታየው «ከባድ ቸልተኝነት» ይልቅ «ግዴለሽነት» ይገባዋል።

ሕጉ ግን ከእኔ ጋር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያን በሙያው ደንብ ይመዝናል፤ ይህ ያስደስተኛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ግን አደጋውን ገምቶ «አይደርስም» ብሎ የቀጠለውንም፣ መገመት ሲገባው ያልገመተውንም በ«ቸልተኝነት» አንድ ላይ ይዟቸዋል። ሁለተኛው ሰው ምንም ቸል አላለም ብዬ እሟገት ይሆናል፤ ዳኛው፣ ጠበቃውና ጋዜጠኛው ግን ቃሉን ከተቀበሉት ቆይተዋል፤ ሳልወድ እቀበላለሁ።

ስለዚህ በውሉ ላይ «ቸልተኝነት» ብለው ይጻፉ፤ ፍርድ ቤት የሚያውቀው እሱን ነው። ሕንፃው ለምን እንደወደቀ በሚያስረዳው የምርመራ ዘገባ ላይ ግን፣ እባክዎ፣ «የጥንቃቄ ጉድለት» ይበሉልኝ።