ኮከቡ፣ ሳጥኗ እና የተሰረዘው ቁጥር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። በቅርቡ ከጦር መሣሪያ ባዛር ላይ ባለ ሰባት ጎራሽ የሩሲያ ናጋንት ሽጉጥ ገዛሁ። ሻጩ «የዛር ዘመን (የሩሲያ ነገሥታት ዘመን) የመኮንን ሽጉጥ ነው» ብሎ ነው የሸጠልኝ። በግራ ጎኑ ኮከብ አለ፣ 1931 የሚል ዓመት አለ፣ ከዓመቱ ቀጥሎ አንዲት ፊደል አለች። በሰያፍ መስመር የተቆረጠች ትንሽ ሳጥንም አለች። ሲሊንደሩ (ጥይት የሚገባበት ተሽከርካሪ ክፍል) ላይ አንድ ቁጥር ተሰርዞ ሌላ ተመትቶበታል። ተሸውጄ ይሆን? ሳጥኗንና የተሰረዘውን ቁጥር አስፍቄ ባሳምረውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እባክህ አታስፍቀው! አሜሪካ ውስጥ የመሣሪያ መለያ ቁጥር መፋቅ የፌዴራል ወንጀል ነው። «ይሄ የሲሊንደሩ ቁጥር ብቻ ነው» ብለህም እጅህን አታስገባ። ደግሞስ የምትጠላቸው እነዚያ ምልክቶች የሽጉጡን ታሪክ የሚነግሩህ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ በር ክፈት። ሲሊንደሩን በእጅህ እያዞርክ ሰባቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ እይ። ናጋንት ቀለሁን በአንዴ አይተፋም፤ በዘንግ እየተገፋ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አንድ ጥይት ተረስቶ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ኮከቡ። ኮከቡ የሶቪየት ነው፣ ፋብሪካው የሩሲያዋ ከተማ ቱላ ያለው ነው። 1931 የፈረንጅ ዓመት ነው፤ በኛ 1923 ወይም 1924 ማለት ነው። ከጎኑ ያለችው፣ አናቷ ወደ ቀኝ የታጠፈች ፊደል ሩሲያኛ «ጎድ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ናት፤ ዓመት ማለት ነው። ብዙ ሰው የመኮንን ስም ወይም የመርማሪ ምልክት እያደረገ ይተረጉማታል። አይደለችም።

የዛር ዘመን የቱላ ሽጉጥ ኮከብ የለውም። «የንጉሠ ነገሥቱ የቱላ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ» የሚል ረጅም የሩሲያኛ ጽሑፍ ነው ያለው። ጽሑፉ በድሮው አጻጻፍ ስለሆነ «ፋብሪካ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ የማትነበብ አንዲት ተጨማሪ ፊደል አለች። በ1918 ሩሲያ ውስጥ የተደረገው የፊደል ማሻሻያ ከቃል መጨረሻ ላይ አስወጥቷታል። ሩሲያኛ ባታውቅም ጽሑፉን ከፎቶ ጋር ብታስተያይ ትለያታለህ።

«የመኮንን» የሚለውስ? በዛሩ ጊዜ ልዩነቱ የእውነት ነበር። የወታደሩ ናጋንት ለእያንዳንዱ ተኩስ የኋላውን መቺ በአውራ ጣት ካልሳብክ አይተኩስም። የመኮንኑ ምላጩን ብቻ ስትስብ መቺው ራሱ ይነሳል። ከሩሲያ አብዮት በኋላ የተሠሩት ሁሉ በመኮንኑ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የ1931 ሽጉጥ ምላጩ ብቻውን ስለሠራ የመኮንን ነበር ማለት አይቻልም። ሻጩ በዛሩም በመኮንኑም ተሳስቷል። ዋጋውን በዛር ዘመን ልክ ከከፈልክ ተመልሰህ ሄደህ በጨዋ ደንብ ተነጋገረው።

ሳጥኗን ሰብሳቢዎች የጥገና ማህተም ብለው ነው የሚያነቧት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች እጅግ ብዙ መሣሪያ ሰብስበው ወደ ግምጃ ቤት አስገቡ። ሽጉጡ ይፈታል፣ ያረጀው ክፍል ይቀየራል፣ ብረቱ ዳግመኛ ይጠቁራል፣ ከዚያ በዘይት ተነክሮ ይቀመጣል። ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ሲሊንደር ከተገጠመ የድሮ ቁጥሩ ይሰረዝና የአዲሱ ቤቱ ቁጥር ይመታበታል። ያንተም ያየኸው ይኸው ነው። ማጭበርበር አይደለም፣ የግምጃ ቤት ሥራ ነው። ሁሉም ቁጥሩ ከመጀመሪያው አንድ የሆነ ሽጉጥ በዋጋ ይበልጠዋል፤ ይሄንን አልደብቅህም። እኔ ግን እንዲህ ያለውን እወደዋለሁ። በአንድ ብረት ላይ የሁለት ዘመን እጅ ታያለህ።

ማህተሙን በደንብ ለማንበብ ክፍሉን አጨልም። ባትሪህን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን እየዳበሰ እንዲያልፍ አድርገህ አብራው። ማህተም ሲመታ ጠርዙ ስለት ይሆናል፣ ዙሪያውም ትንሽ ከፍ ይላል። በኋላ የተወለወለ ከሆነ ጠርዙ ይሟሟል፣ አንዱ ፊደል ጥልቅ ሆኖ አጠገቡ ያለው ይደበዝዛል። ጠቆር ባለው ብረት ላይ የማይታይህ ከሆነ ነጭ ጠመኔ በጣትህ ቀባ አድርግበትና በጨርቅ ጥረገው፤ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ጠመኔ ጽሑፉን ያወጣልሃል። የሽቦ ብሩሽና የአሸዋ ወረቀት ግን ፈጽሞ አታስጠጋ።

አፈሙዙ አካባቢ ወይም በርሜሉ ሥር ቀጫጭን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካየህም አትደንግጥ። የ1968ቱ (በፈረንጅ) የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ አስመጪው ስሙንና ቦታውን እንዲጽፍ ያስገድዳል። አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚያው ሕግ «አንቲክ» የሚባለው በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ያንተ አይገባበትም፣ ስለዚህ እንደ ማንኛውም ሽጉጥ በሕጉ ያዘው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። አያቴ ያወረሱን የሩሲያ ናጋንት ሽጉጥ ቤት ውስጥ አለ። ቤተሰቡ «ከዓድዋ የመጣ ነው» ይላል። ጎኑ ላይ ረጅም የሩሲያኛ ጽሑፍና 1912 የሚል ቁጥር አለ። እውነት ከዓድዋ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዓድዋ ሊሆን አይችልም። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በፈረንጅ መጋቢት 1 ቀን 1896። ሩሲያ ናጋንትን የተቀበለችው በፈረንጅ በ1895 ነው፣ የመጀመሪያዎቹም 20,000 ያህሉ ሊዬዥ፣ ቤልጅግ ውስጥ ነው የተሠሩት። ቱላ ማምረት የጀመረችው በ1898 ነው። ያንቺ ደግሞ በ1912 የተሠራ ነው። ዓድዋ ካበቃ 16 ዓመት ሆኖታል።

ይህ ማለት ግን አያትሽ ዋሽተዋል ማለት አይደለም። ከአብዮቱ በኋላ አገራቸውን የለቀቁ ሩሲያውያን፣ መኮንኖችም ጭምር፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል። ኮሎኔል ኮኖቫሎቭ ለምሳሌ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የራስ ሥዩም አማካሪ ነበሩ። በእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ታላላቆቻችሁን «አያታችን ከማን እጅ ተቀበሉት?» ብለሽ ጠይቂ፤ የሰጪውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፊው። ያ ወረቀት ከዓድዋው ወሬ ይልቅ ይጠቅማል።

ሌላው፦ አሮጌ ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አታስቀምጡት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። ሽጉጡን ይዘሽ መንገድ ከመውጣትሽ በፊት አቅራቢያሽ ያለውን ፖሊስ ጠይቂ። ለእኔ የምትልኪልኝ ፎቶ ብቻ ይሁን፦ የግራውን ጎን፣ በርሜሉ ከሽጉጡ አካል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እና ሲሊንደሩን፣ ሦስቱንም ብርሃን ከጎን አድርገሽ አንሺልኝ።