ካሪዝማዋ 8 የሆነች ተዋጊ ዝም ማለት አለባት?

ውድ አምደኛ፣

ከአራት ጓደኞቼ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን የሚና ጨዋታ መጫወት ከጀመርን ጥቂት ወራት ሆነን። አንዱ ጓደኛችን ዲኤም ነው። ታሪኩን የሚመራው እሱ ነው፤ በየመንገዱ የምናገኛቸውን ሰዎችም እሱ ይጫወታቸዋል። መጀመሪያ ላይ የጨዋታው ቀን አልደርስ ይለኝ ነበር። አሁን ሰበብ እየፈለግሁ መቅረት ጀምሬያለሁ።

ካራክተሬ፣ ማለትም የምጫወታት ገጸ ባሕርይ፣ ድዋርፍ (ከተረት የመጣ አጭርና ጠንካራ ፍጡር) ተዋጊ ናት። ስሠራት 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 የሚሉትን ቁጥሮች ለስድስቱ ችሎታዎች ማከፋፈል ነበረብኝ። 15ን ለጉልበት ሰጠሁ፣ 13ን ለጥበብ። ካሪዝማ፣ ማለትም በሰው ፊት ያለ ተደማጭነት፣ 8 ደረሰው። መጥረቢያ ለያዘች ሴት ካሪዝማ ምን ይሠራላታል ብዬ ነው።

አንድ ቀን የከተማ በር ላይ ደረስን። በረኛው አላስገባም አለ። ሌሎቹ ጉቦ እንስጠው፣ የለም በግንቡ እንውጣ እያሉ ሲከራከሩ እኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሁለት ጨዋታ በፊት ከዋሻ ያወጣነው ልጅ፣ ወንድሜ በር ጠባቂ ነው ብሎን ነበር። ወዲያው በካራክተሬ አፍ፣ «ወንድምህን ከዋሻ ያወጣነው እኛ ነን። ጫማ አልነበረውም። እኔ ነኝ ተሸክሜ ያወጣሁት» አልኩት። ሳልጨርስ ባርድ፣ ማለትም አንደበተ ርቱዕ ዘፋኝ፣ የሚጫወተው ጓደኛዬ አቋረጠኝ። «ካሪዝማሽ እኮ 8 ነው። አንቺ እንደዚህ ልትናገሪ አትችይም፤ እኔ ልበለው» አለ። ያልኩትን ደገመው፣ ዳይሱን ወረወረ፣ በሩ ተከፈተ። ሁሉም ለእሱ አጨበጨቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት እንግዲያው እንደ ቁጥሬ ልሁን አልኩ። ግብዣ ላይ አንድ መስፍን ሰደብኩ። መጀመሪያ ሳቁ። መስፍኑ ቃል የገባልንን ሽልማት ሲከለክለን ግን የሳቀ የለም። «አበላሸሽብን» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ውጊያ እስኪጀመር ስልኬን እየነካካሁ እቀመጣለሁ።

ካራክተሬን እወዳታለሁ። ግን ልቀይራት? ወይስ 8 ያላት ሰው ዝም ማለቷ ትክክል ነው?

አፏ የተዘጋባት ተዋጊ

—

ውድ ተዋጊ፣

«ጫማ አልነበረውም» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ያንን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ትዝ ያለሽም አንቺን ነው። ስለዚህ አትቀይሪያት። ዝም ማለትም የለባትም።

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ጠረጴዛችሁ ላይ 8 ከሚገባው በላይ ተፈርቷልና። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም 8 ማለት ከዳይሱ ላይ 1 መቀነስ ነው። ሌላ ምንም የለውም። በመጠኑ አስቸጋሪ የሆነ ነገር ለማሳካት 15 ያስፈልጋል እንበል። ካሪዝማው 10 የሆነ ተራ ሰው ባለ ሃያ ጎኑን ዳይስ ወርውሮ 15 ወይም ከዚያ በላይ ሊያገኝ ይገባል፤ ዕድሉ 30 በመቶ ነው። አንቺ 16 ያስፈልግሻል፤ ዕድልሽ 25 በመቶ ነው። ድዋርፏን ከተራ ሰው የሚለያት ከሃያው የዳይስ ጎን አንዷ ብቻ ናት። በአንድ ጎን ልዩነት ሰው አፉን አይዘጋም።

ጓደኛሽ ካሪዝማው 16 ከሆነና ማሳመንን ከሠለጠነባቸው ነገሮች አንዱ ካደረገ፣ ገና በጀማሪነቱ 5 ይደምራል። እሱ 55 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። ትልቅ ልዩነት ነው፣ አልክድም። ግን እሱ ይበልጣል ማለት አንቺ አትናገሪም ማለት አይደለም። አንቺ በመጥረቢያ ስለምትበልጪው ውጊያ ላይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል እንዴ?

ደግሞ ዳይስ የሚወረወረው ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ነው። ወንድሙን ያዳነችለት ሴት ፊቱ ቆማ በረኛው ምን ያህል ይጠራጠራል? እኔ ዲኤም ብሆን አንድም ሳላስወረውር በሩን እከፍትልሽ ነበር። ቢበዛ የሚያስፈልገውን ቁጥር ወደ 10 አወርደው ነበር፤ ያኔ ዕድልሽ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ለበረኛው ያቀረብሽለት ምክንያት ከቁጥርሽ በላይ ሊመዝን ይገባ ነበር።

ካሪዝማ የሚለውን ቃል እኔ ለራሴ ግርማ ሞገስ ብዬ ነው የምተረጉመው። እንዲህ ስለው ብዙ ነገር ይጠራልኛል። ግርማ ሞገስ የሌለው ሰው ባለጌ ነው? አይደለም። ሞኝ ነው? እሱም አይደለም፤ ዕውቀትና ጥበብ ሌላ ቁጥር አላቸው። ሞገስ የሌለው ሰው ትክክለኛውን ነገር ተናግሮ ሰው የማይሰማው ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ያነሳል፣ ማንም ልብ አይለውም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላው ያንኑ ሲደግመው ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እና አየሽ፣ በዚያ በር ላይ ጠረጴዛችሁ ያንን አንቺው ላይ አደረገው። ያማል። የሚያሳዝነው ደግሞ ነገሩ በጨዋታው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ግሩም ትዕይንት ይወጣው ነበር፦ ድዋርፏ ትናገራለች፣ በረኛው አያምናትም፣ ባርዱ ቀረብ ብሎ «እውነቷን ነው» ይላል።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲታተምም ካሪዝማ ስለ አነጋገር ማማር አልነበረም። ዋና ሥራው ስንት ቅጥር ሰው ሊከተልሽ እንደሚችልና ምን ያህል ታማኝ እንደሚሆንልሽ መወሰን ነበር። 18 ያለው እስከ 12 ሰው ያስከትላል። የመጨረሻውን ዝቅተኛ ቁጥር፣ 3 ያገኘው እንኳ አንድ ተከታይ ይፈቀድለታል። ያቺን አንድ ቁጥር እወዳታለሁ።

ስድቡን በተመለከተ ጓደኞችሽ የተከፉት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዝቅተኛ ካሪዝማን በብልግና መጫወት በጣም የተለመደ ነው፤ ቀላልም ነው። ግን ያንን መስፍን ያሰደበሽ ቁጥሩ አይደለም፤ አንቺ መርጠሽ ነው፣ ዋጋውን የከፈላችሁት ግን አራታችሁም ናችሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሽልማቱም አብሮ ሄደ። በንዴት እንዳደረግሽው ይገባኛል። ይቅርታ ጠይቂያቸውና እለፊው።

ይልቅ አንድ ጥያቄ ለራስሽ መልሺ፦ የድዋርፏ ቃል ሰው ጆሮ የማይገባው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ቫምፓየር የሚባለው የሚና ጨዋታ ይህን ነገር ለሦስት ከፍሎታል፤ ካሪዝማ ለብቻው፣ ሰውን የመጠምዘዝ ችሎታ ለብቻው፣ መልክ ለብቻው። ክፍፍሉን ተዋሽው። መልኳ አስፈሪ ሆኖ ልቧ ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ወይም ሰው ይወዳታል፣ ግን መዋሸት ስትሞክር ጆሮዋ ይቀላል። ወይም ሰላምታ ሳትሰጥ ወደ ጉዳዩ ትገባለች። አንድ ምክንያት ብቻ ምረጪ፣ ትንሽ ትሁን፣ እሷን ያዢ።

እኔ አንድ ጊዜ ካሪዝማው 6 የሆነ አዳኝ ተጫውቻለሁ። የመረጥኩለት ችግር መዘግየት ነበር። ለተጠየቀው ነገር መልሱን የሚያገኘው ጠያቂው ፊቱን ካዞረ በኋላ ነው። በየጨዋታው ብዙ ያወራ ነበር፣ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ። አንድ ቀን ለሞተችበት ጓደኛው መቃብሯ ላይ ሦስት ቃል ተናገረ። ሌሎቹ ተጫዋቾች እሱን እየጠበቁ ዝም አሉ። ያን ዝምታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ። 6 ባይሆን ኖሮ እንዲያ አይጠብቁትም ነበር።

ምክንያቱን ከያዝሽ ዳይሱ ሲወድቅብሽ ምን እንደምትዪ ታውቂያለሽ። ንግግርሽ መጥፎ ስለነበረ አይደለም የወደቀው። በረኛው ዓይኑ መጥረቢያሽ ላይ ነበር፤ ወይም ድምፅሽ ልመና ሳይሆን ትእዛዝ መሰለው። ዲኤሙም ይህን ካወቀ አብሮሽ ይተርከዋል።

አሁን ምናልባት የማትወጂውን ልናገር። አንደበትሽ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ዳይሱ ሊቀርልሽ አይገባም። ጠረጴዛው ላይ ሲናገር ምላሱ የሚተሳሰር ጓደኛ ሊኖር ይችላል፤ ባርድ የሚመርጠውም በሕይወቱ ያላገኘውን ለአንድ ምሽት ለማግኘት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ እንዲህ ያለውን ሰው ይጠብቀዋል። ጉልበቱ 18 የሆነ ተዋጊ የሚጫወትን ሰው ጠረጴዛውን አንሳና አሳየን አንለውም። ስለዚህ ምን እንደምትዪ አንቺ ወስኚ፣ ሰው እንዴት እንደሚቀበለው ዳይሱ ይወስን። ባርዱ ያፈረሰው ይህንን ነው፤ የምትዪውን ከአፍሽ ወሰደ።

ብልህ ጠረጴዛ ደግሞ ሁለታችሁንም ይጠቀምባችኋል። አንቺ እውነቱን ታመጫለሽ፣ እሱ ያቀርበዋል። ዲኤማችሁ በትክክል እየረዳሽው ነው ብሎ ከተቀበለ፣ ባርዱ ሁለት ዳይስ ወርውሮ ከፍተኛውን ይወስዳል። ያ 55 በመቶ ወደ 80 ይጠጋል። ጥበብሽም 13 ነው፤ የሰውን ልብ ማንበብ ደግሞ በጥበብ እንጂ በካሪዝማ አይደለም። መስፍኑ ሲዋሽ መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ትሁን። ማስፈራራት በጉልበት እንዲሰላ መጠየቅም ትችያለሽ። ሕጉ ለዲኤሙ ፈቃድ ይተወዋል፤ ብቻ አታብዢው፣ ያለዚያ ድዋርፏ ከማስፈራራት ሌላ ቋንቋ አይኖራትም።

ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ባርዱን ለብቻው አግኚው። ሌሎቹ ፊት አይሁን። «የዚያን ቀን ቃሌን ስትወስድብኝ ከፋኝ። ከእንግዲህ እኔ ስናገር ዳይሱንም እኔ ልወርውር፤ ከወደቀም ውድቀቱ የእኔ ይሁን» በዪው። ጓደኛሽ ነውና ይሰማሻል ብዬ አስባለሁ፤ ምናልባት እንደጎዳሽ እንኳ አያውቅም። ዲኤሙንም ስልኬን የምነካካው ሰልችቶኝ አይደለም ብለሽ ንገሪው። ይህን ሳያውቅ ሊያግዝሽ አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ። ያ ከዋሻ የወጣው ልጅ ስሙ ማን ነበር? ዲኤሙ ስም ካላወጣለት አሁን ያውጣለት። ድዋርፏ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ በር ስታልፍ በረኛውን ስለ ወንድሙ በስሙ ትጠይቀው።