በአንድ ካሬ ኪሎሜትር አንድ ሲኒ ውሃ

ጥያቄ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። በሐምሌ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በሰሜን በኩል ብርማ ሰማያዊ ደመና ይታያል፤ 83 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ያለ በረዶ ነው ይላሉ። ቅንጣቱንና ውሃውን በምን ለኩት? አንዱ ጽሑፍ 35 ናኖሜትር፣ ሌላው 60 የሚለውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሮኬት እዚያ ይደርሳል፤ ግን ደመናውን በጥቂት ሰከንድ ሰንጥቆ ያልፋል። አብዛኛው ልኬት የሚገኘው ከብርሃን ነው፤ የቁጥሮቹም አለመግባባት የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ሬዲየሳቸው 30 ናኖሜትር የሆኑ 10 ቅንጣቶች ከአንድ ባለ 60 ጋር ተቀላቅለዋል እንበል። ትልቁ የያዘው በረዶ የ8 ትንንሾችን ያህል ነው። የሚበትነው ብርሃን ግን በግምት የ64ቱን ያህል ነው። ስለዚህ በተበተነ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ በአብዛኛው የሚያየው ያንን አንዱን ነው፤ ትንንሾቹ ለእሱ የሉም ማለት ይቻላል።

በኖርዌይ አንዶያ ያለው ሊዳር (ሌዘር ተኩሶ የሚመለሰውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) በ355፣ በ532 እና በ1064 ናኖሜትር ሌዘር ይተኩሳል። ከሦስቱ ቀለማት ንጽጽር ሬዲየሱ፣ የስርጭቱ ስፋት (ቅንጣቶቹ በመጠን ምን ያህል እንደሚለያዩ) እና የቅንጣቶቹ ብዛት ይሰላሉ። በ1064 የሚመለሰው ብርሃን ደካማ ነው፤ በዚያ ላይ የበጋው ፀሐይ አትጠልቅም። ጥሩ ማጣሪያና ረዘም ያለ አማካይ ከሌለ ስፋቱ ይዛባል፣ ሬዲየሱንም ይዞ ይሄዳል።

ለውሃ የምንመርጠው እ.ኤ.አ. በ2007 የመጠቀችውና ሥራዋ በ2023 ያበቃው የናሳ አይም ሳተላይት ይዛው የነበረውን ሶፊ የተባለ መሣሪያ ነው። ፀሐይን መጀመሪያ ከአየሩ በላይ፣ ቀጥሎ በደመናው ውስጥ አሳልፎ ያይ ነበር፤ ሁለተኛውን የብርሃን መጠን ለመጀመሪያው ያካፍል ነበር። በ3 ማይክሮሜትር ገደማ ኢንፍራሬድ የሚዋጠው ብርሃን የበረዶውን ጠቅላላ መጠን ይከተላል፤ ቅንጣቱ ትንሽ ሆነ ትልቅ ብዙ ለውጥ የለውም። ጉድለቱ የእይታ መስመሩ ርዝመት ነው፤ 2 ኪሎሜትር ውፍረት ባለው ንጣፍ ውስጥ 300 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል። የተቆራረጠ ደመና በዚያ ሁሉ ርቀት ይሳሳና ቀጭን መስሎ ይመዘገባል።

ስሌቱን ራስዎ ይሞክሩት። የባለ 40 ናኖሜትር ሬዲየስ ቅንጣት ክብደት 2.5 በ10 ሚሊዮን ቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ግራም ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 100 ቅንጣት፣ ውፍረቱም 2 ኪሎሜትር ቢሆን፣ በካሬ ኪሎሜትር 50 ግራም ይሆናል፤ አንዲት የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም።

ያነበቧቸውን ሁለት ቁጥሮች ከማነጻጸርዎ በፊት ሬዲየስ ይሁኑ ዲያሜትር ያረጋግጡ። ዲያሜትሩን በሬዲየስ ቦታ ያስገባ ሰው ውሃውን 8 እጥፍ አብዝቶ ያገኘዋል።