«ተጠርጥሯል» ማለት «ተረጋግጧል» ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን አራት ኪሎ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ለዲፕሎማትነት ተፈትነሽ ጽሑፉ ላይ ወድቀሻል። ጥያቄው የሰላም ውል የፈረመ አገር በድብቅ እየታጠቀ እንደሆነ ተጠርጥሯልና ለዚያ አገር መንግሥት ማስታወሻ ጻፊ የሚል ነበር። «ምኑ ላይ ነው የተበላሸብኝ?» ብለሻል።

መጀመሪያው መስመር ላይ ነው። «ውሉን ጥሳችሁ እየታጠቃችሁ መሆኑን ደርሰንበታል» ብለሽ ጀመርሽ። «እስቲ አሳዩን» ቢሉሽስ? እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ውሉ ስለ ወሰነው የሠራዊት ቁጥር ማብራሪያ እንዲሰጠን፣ ተቆጣጣሪዎችም ገብተው እንዲያዩ እንጠይቃለን።» እምቢ ካሉ እምቢታቸው ራሱ ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። የውሉን ሌሎች ፈራሚዎች አንድም ቦታ አልጠራሻቸውም። ብቻሽን ነው የጻፍሽው።

ለቃል ፈተናው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን የፈረመችውን የቬርሳይን ውል አንብቢ። የጀርመን ጦር ከ100,000 እንዳይበልጥ፣ አየር ኃይልም እንዳይኖራት ይከለክላል። አንቀጽ 213 ደግሞ የመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት ምርመራ ከፈለገ በሯን እንድትከፍት ያስገድዳታል፤ ያውም በድምፅ ብልጫ። የአሸናፊዎቹ አገሮች ተቆጣጣሪዎች ግን በጥር 1919 ዓ.ም. ከጀርመን ወጡ፤ አንቀጹም ሳይሠራበት ቀረ። መጋቢት 1927 ላይ ሂትለር የግዴታ ውትድርናን በይፋ አወጀ። በሚያዝያ ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስትሬዛ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተሰብስበው አወገዙ። በሰኔ ብሪታኒያ ዞር ብላ፣ ጀርመን የብሪታኒያን 35 በመቶ የሚያህል የባሕር ኃይል እንድትገነባ ለብቻዋ ተስማማች። ፈረንሳይ በጣም ተቆጣች። ኅብረቱ ወዲያው ላላ።

ይህ ታሪክ ለኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ያኔ ከጣሊያን ጋር የወልወል ግጭት ከተነሳ ገና አራት ወሩ ነበር። ስትሬዛ ላይ ግን ሙሶሊኒን ላለማስቀየም ስለ ኢትዮጵያ ዝም ተባለ። መስከረም 22 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። እኔ ይህን ሳነብ ዛሬም ያንገበግበኛል። አጋር ስትፈልጊ በማን ኪሳራ እንደሆነ ጠይቂ። ፈታኞቹ ፊትም ይህን ለመናገር አትፈሪ።

አሁን ማስታወሻውን ከአንድ ገጽ ሳታስበልጪ እንደገና ጻፊው። ወመዘክር ጸጥ ያለ ነው፤ እዚያ ጥግ ይዘሽ ሥሪ። ስሜትሽን የሚገልጹ ቃላትን አውጪ፤ የአንቀጽ ቁጥርና የመልስ ቀን አስገቢ። ቅዳሜ ጠዋት ይዘሽው ነይ፣ አብረን እናርመዋለን።