«በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?»

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የልብ ሕመም ላለባችሁ ወጣቶች ነው። ሐዋሳ ውስጥ 35 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልብን በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬያለሁ። አራት ክፍል፣ አራት በር። በሮቹ ደም ወደኋላ እንዳይመለስ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ይህን ለተማሪዎቼ እያስረዳሁ የራሴ የልብ በር ጠቦ ነበር።

የማስተምርበት ክፍል ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው መሃል ስደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። ቆም እልና የአንዱን ልጅ ኮሌታ አስተካክላለሁ፤ የሌላዋን ደብተር ገለጥ አደርጋለሁ። ልጆቹ ቁጥጥር ይመስላቸዋል። እኔ ግን አየር እየፈለግኩ ነው። ባልደረቦቼ «እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ጋደም ስል ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ በሦስት ትራስ ተደግፌ ማደሬን ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም «ጨጓራዬ ነው» አልኩት።

ነገሩ የጀመረው በልጅነቴ ነው። ጉሮሮዬን ደጋግሞ ያመኝ ነበር። ያኔ በእኛ ሰፈር መፍትሄው እንጥል ማስቆረጥ ነበር፤ ተቆረጥኩ። ቆይቶ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ ተራ በተራ ያብጥ ጀመር። «ብርድ ነው» ተባለ፤ በቅቤ ታሸሁ፤ ለቀቀኝ። ሁሉም ሰው ያለፈ መሰለው።

አላለፈም። ጉሮሮን የሚያመው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሆኖ በወቅቱ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ካልታከመ፣ ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ በገዛ አካሉ ላይ ሊዞር ይችላል። መገጣጠሚያን ያሳብጣል፤ የልብን በሮች ያቆስላል። መገጣጠሚያው ይድናል። የልቡ በር ግን ጠባሳ ይይዛል፤ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ይወፍራል፣ ይጣበቃል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። በብዛት የሚጠቁት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ድካሙና የትንፋሽ ማጠሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእናንተ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ታናናሾች ያሏችሁ፣ ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንጥሉን ማንም እንዳይነካው። እናቴን እየወቀስኩ አይደለም። የምታውቀውን አድርጋለች።

የእኔ ሕመም የታወቀው ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው። በእርግዝና የደም መጠን ከ40 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ የጠበበ በር ያን ሁሉ ማሳለፍ አይችልም። ለክትትል ስሄድ አንዲት አዋላጅ ነርስ ፊቴን አየት አደረገችና «በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ። «ደህና ነሽ?» ብትለኝ ኖሮ «ደህና ነኝ» ብዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እኔም ልጄም የተረፍነው በዚያች ጥያቄ ነው።

እኛ ስለ ሕመም የማናወራ ሰዎች አይደለንም። ቡና ተፈልቶ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ የማይነሳበት ቀን የለም። ችግሩ ግማሹን ብቻ ማውራታችን ነው። ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው።

ከ12 ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ የጠበበው በር በብረት በር ተተካ። በአገራችን የዚህ ሕክምና መንገድ እንዲከፈት እነ የልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ ብዙ ደክመዋል፤ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ከመከፈቱ በፊት ስንት ሕጻናት ለቀዶ ሕክምና ባሕር ተሻግረዋል። የብረቱ በር ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል። የልጅ ልጄ ደረቴ ላይ ጆሮውን አድርጎ «አያቴ፣ ሆድሽ ውስጥ ሰዓት አለ» ይላል። ደም በሩ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኬን የደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ፤ ዋርፋሪን ይባላል።

ይህን ሁሉ ከጎረቤት ደበቅኩ። «እህቴ ጋ ሰንብቼ መጣሁ» አልኩ። ጠባሳውን በነጠላ ሸፈንኩ። አንድ ቀን ቡና ላይ ጉልበቴን እንደሚያመኝ ተናገርኩ። አንዷ ጎረቤቴ ተነስታ ሄዳ ለራሷ የታዘዘላትን ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ አመጣችልኝ። ሦስት ቀን ዋጥኩት። በአራተኛው ቀን ማታ ነስር ጀመረኝ፤ እኩለ ሌሊትም አልቆመም። ያን መድኃኒት ከደም ማቅጠኛ ጋር መውሰድ ለከባድ መድማት ይዳርጋል። ጎረቤቴ ሆስፒታል በር ላይ ስታለቅስ አደረች። የሰጠችኝ በፍቅር ነው። ጉልበቴን ነግሬያት ልቤን ደብቄያት ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ መድኃኒቱን አግኝቼ፣ ሕመሜን በመሸሸጌ ልሞት ነበር።

እና ልጆቼ፣ ስትናገሩ በዝርዝር ተናገሩ። «ደከመኝ» ማለት ለሐኪም ብዙ አይነግረውም። «ባለፈው ወር ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ ሳላርፍ እሄድ ነበር፤ አሁን ሁለቴ እቀመጣለሁ» በሉት። ማታ ጫማ ስታወልቁ እግራችሁ ላይ የማሰሪያው ምልክት ጠልቆ ከቀረ ተናገሩ። ሌሊት ትንፋሽ አጥሯችሁ ከተነሳችሁ ተናገሩ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? ሁልጊዜ በአንዱ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት ተመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመራችሁ ያ ውፍረት አይደለም፤ ሰውነታችሁ ውሃ እየያዘ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

የምትበሉትንም ንገሩ። እኔ በዐቢይ ጾም፣ ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው የአይኤንአር ቁጥሬ ይወርድ ነበር፤ ደሜ ቶሎ ይረጋል ማለት ነው። ሐኪሙ ኪኒን የዘለልኩ መሰለው። በኋላ ስናወራ ጎመኑ ተገኘ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ጎመን ተከለከልኩ ማለት ግን አይደለም። ከቆጮ ጋር ዛሬም እበላለሁ፤ በጾምም በፍስክም መጠኑን እኩል አደርጋለሁ። ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው፤ «መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ» አሉኝ። ጸበልም ሂዱ፣ ጸሎትም አድርጉ፤ ኪኒኑን ግን አትተዉ። ጥርስ ለመነቀል ስትሄዱም ከመቀመጣችሁ በፊት ስለ ልባችሁ ተናገሩ።

ለሁሉም ሰው ንገሩ አላልኩም። ከንፈር የሚመጥ አለ። ከነገርኳቸው አንዷ ባየችኝ ቁጥር «አይ አንቺ!» እያለች ጭንቅላቷን ትነቀንቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለእሷ ወሬ አላበዛም። ትዳር ይቀርብኛል፣ ሥራ ይቀርብኛል ብላችሁ መፍራታችሁም ይገባኛል። ለምታገቡት ሰው ግን አትደብቁ። ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ይችላል፤ እርግዝናው ከመምጣቱ በፊት ሦስታችሁ፣ ሐኪሙ፣ አንቺና እሱ፣ ቁጭ ብላችሁ ልትነጋገሩ ይገባል። ይህን ሰምቶ የሚሄድ ሰው ቀድሞ ቢሄድ ይሻላል።

ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የ22 ዓመት ልጅ አለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ የጉሮሮው ባክቴሪያ ተመልሶ የልቧን በር ይበልጥ እንዳያቆስለው። መርፌው ለብዙ ዓመት የሚቀጥል ነው፤ ለአንዳንዱ እስከ 40 ዓመቱ። ያማልም። ሁለት ወር ዘለለች። ለምን ስላት ፈቃድ ለመጠየቅ ምክንያቱን መናገር ፈርታ ነው። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የምትለውን አብረን ተለማመድን። «የልብ ሕክምና ክትትል አለኝ። በወር አንዴ ግማሽ ቀን ነው። ወረቀት አመጣለሁ።» ሦስት ዓረፍተ ነገር። በማግስቱ ለፈረቃ ኃላፊዋ ነገረችው። እሺ አላት። ክፍል ለምትጋራት ጓደኛዋም የመርፌዋን ቀን ነግራታለች፤ አሁን የምታስታውሳት እሷ ናት።

የዚህ ወር መርፌዋ ሐሙስ ነው። የእኔም የደም ምርመራ ሐሙስ ስለሆነ በአንድ ባጃጅ እንሄዳለን።